ነጠላ የለበሰችው የሳክሰን ንግሥት

ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ መሀል ከተማ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። አንድ ቀን አንዲት ነጭ ሴትዮ ሱቄ መጣች። ስለ ቫይኪንጎችና ስለ ሳክሰን ነገሥታት ለሚሠራ የቴሌቪዥን ድራማ አልባሳት እንደምታዘጋጅ ነገረችኝና ጥለቱ ቀይ የሆነ የእጅ ሥራ ነጠላ መረጠች።

«በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር ጥጥ ነበር እንዴ?» አልኳት።

«አልነበረም» አለች እየሳቀች፤ «ግን ካሜራ ላይ ማን ይለየዋል?»

በእኔ ነጠላ ታሪክ ሊዋሽ ነው ብዬ ከነከነኝ። ቢሆንም ገበያ ነው፤ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እንዴት እንደምንለብሰው አሳየኋት። ሌላ ምንም አልነገርኳትም።

ድራማው ሲጀመር ሮዘተንቪል ሰፈር ቤት ካከራዩኝ ከእትዬ አልማዝ ጋር ቁጭ ብለን አየን። ቫይኪንጎቹ ንጉሡን ገደሉት። ንግሥቲቱ አስከሬኑን ተከትላ ስትመጣ ነጠላዬን አወቅኩት። ልብ ብዬ ሳየው፣ ዘቅዝቃ፣ ቀዩን ጥለት አንገቷ ላይ አድርጋ ነበር የለበሰችው፤ ልክ እንደ እኛ አገር ሐዘንተኛ። ማን ነገራት?

ወደ እትዬ አልማዝ ዞር ስል ወንበራቸው ባዶ ነው። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው፣ የራሳቸውን ነጠላ ዘቅዝቀው፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ልጄ» ይሏታል።