«ዓሣ ናት» ብዬ ልጅ ላሰምጥ ነበር

ልብሴ ሳይደርቅ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት እለፉኝ።

ዛሬ ከሰዓት እዚሁ እስራኤል፣ ርሖቮት ከተማ መዋኛው ውስጥ፣ የእህቴ ልጅ ሜራቭ ዓይኔ እያየ ሰመጠች። ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

የሄድነው የዋና ቡድን ላስመዘግባት ነበር። አሠልጣኙ ገና ሲያያት ፈገግ አለና «የእናንተ የኢትዮጵያውያን ልጆች ሯጮች ናቸው፤ ለምን ሩጫ አታስገባትም?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «እሷ? ወንዝ ዳር ያደገች ዓሣ ናት!» አልኩት።

ልጅቷ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ከተማ፣ ሻዓራይም ሰፈር ነው። ወንዝ ያየችው በቴሌቪዥን ነው።

ሜራቭ ታላቅ ሲናገር ማስተባበል ነውር ነው ተብላ ያደገች ናትና ዝም አለች። አሠልጣኙ «ያላ፣ በይ ግቢ» ሲላት ጥልቁ ውሃ ውስጥ ዘለለች።

አልወጣችም።

እኔም ዋና ሳልችል ከነጫማዬ ዘለልኩ። አሠልጣኙ ሁለታችንንም ጎትቶ አወጣን። በእኔ ሆድ ምክንያት ብዙ ሳይደክም አልቀረም።

ሜራቭ ስታስል ቆይታ «አጎቴ፣ እሑድ እመለሳለሁ» አለችኝ። «እርስዎ ግን እንዳይናገሩ። መዋኘት እንደማልችል፣ መማር እንደምፈልግ ራሴ እነግረዋለሁ።»

በታላቅ ፊት እንዲህ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እቀልድባት ነበር፤ ዛሬ ግን «እሺ» አልኳት።

እናቷ ገና አልሰማችም። ጎረቤቶቿ የሆናችሁ፣ አደራ፣ እኔው ልንገራት።

እናንተስ ልጆቻችሁን «ሩጫ ይሻላችኋል» ሲሏቸው ምን መለሳችሁ? ጻፉልኝ፤ እስከ እሑድ ውሸት የሌለበት መልስ እፈልጋለሁ።