የሁዳዴ ጭኮ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ደማቅ ቲሸርት ለብሳ፣ የብስክሌት ቆቧን ብብቷ ሥር ሸጉጣ መጣች። ከጓደኞቿ ጋር ከባሕር ዳር ጎንደር ድረስ በብስክሌት ሊሄዱ ነው፤ ለኩላሊት ሕሙማን እርዳታ ለማሰባሰብ ነው አለችኝ። «እማማ፣ አንቺም በልጅነትሽ ሄደሻል አሉ፤ እንዴት ነበር?» ብላ አጠገቤ ቁጭ አለች። መንገዱ አቧራ ነበር አልኋት። የቀረውን ፊቷን እያየሁ መናገር አቃተኝ።

ጊዜው የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። ያኔም ባሕር ዳር ብስክሌት የማይነዳ ልጅ አልነበረም፤ እኔም አባቴ ፋብሪካ የሚመላለስበትን ትልቅ ብስክሌት እያጋደልሁ ነው የተማርሁት። የቀበሌያችን ወጣቶች ለተራበው ወገን ስንቅ ጭነው ይፋግ መጠለያ ያደርሳሉ፣ ከዚያም ጎንደር ይገባሉ ሲባል ከሴት እኔ ብቻ ተመዘገብሁ። እናቴ እብድ ነሽ አለችኝ፤ አልሰማኋትም። ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የሚማረው ስጦታውም አብሮኝ ነበር። እናቱ ከቀዬዋ ተፈናቅላ ይፋግ መግባቷን ሰው ነግሮታል። ሌሎቻችን፣ እውነቱን ልናገር፣ እንድንታይም ጭምር ነው የምንሄደው። እሱ ግን እናቱን ሊያበላ ነበር።

ስንቁ ጭኮ ነበር። የሰፈራችን እናቶች ገብሱን ቆልተው፣ አስፈጭተው፣ በንጥር ቅቤ አሽተው በየጣሳው ጠቀጠቁት። ኃይል ይሰጣል፣ ቶሎም አይበላሽም። ጉዞው የታሰበው ከጾም በፊት ነበር፤ ንግግር አድርጎ የሚሸኘን ባለሥልጣን ዛሬ ነገ ሲል ግን ሁዳዴ ገባ። እናቴ ጣሳዎቹን ዐይታ፣ የተራበ ሰው ደግሞ ምን ጾም አለው አለች፤ ሁላችንም ይሁን አልን። እሷ ራሷ ግን ጣቷን እንኳ አልላሰችም።

በማለዳ የዓባይን ድልድይ ስንሻገር እየዘፈንን ነበር። ሐሙሲት ላይ ሻይ ጠጣን፣ ቆሎ በኪሳችን ሞላን። ከወረታ በኋላ ዘፈኑ የት እንደጠፋ አላውቅም። የፎገራ ሜዳ ተሰነጣጥቆ፣ ሰው ከደጋው እየወረደ በመንገዱ ዳር ተቀምጦ ነበር። የሚለምን እንኳ አልነበረም፤ ዝም ብለው ያዩናል። 

ይፋግ ስንደርስ ለመጠለያው እህል ያመጣል የተባለው መኪና ገና አልመጣም ነበር። ስንቁን አራገፍን፤ ሕፃናቱ ወዲያው ከበቡን። ስጦታው እናቱን ከአንድ ድንኳን ጥግ፣ ነጠላዋን ተከናንባ አገኛት። «እማዬ» ብሎ እግሯ ሥር ተደፋ። ቀና ብላ አየችው፣ ጉንጩን ዳሰሰችው። ከጭኮው ቆርሶ ወደ አፏ ሲያስጠጋ ግን እጁን ያዘችው። ሽታውን ሳበችና ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ቅቤው እንዴት ያለ ነው፣ እናትሽ ባለሙያ ናት አለችኝ።

«ታዲያ ብዪው እንጂ እማዬ» አላት ስጦታው።

«ዕድሜ ልኬን የጾምሁትን፣ ልሞት ስል ልግደፈው? የነፍስ አባቴ ይፍቀዱልኝና እበላለሁ።»

ለመናት፣ አለቀሰ፣ ተቆጣትም። ወይ ፍንክች! የነፍስ አባቷም ተፈናቅለው ከሐይቁ ዳር ካለ ቤተ ክርስቲያን ተጠግተዋል አሉ። ስጦታው ብስክሌቱን አንሥቶ በዚያ ሜዳ በረረ። ጓደኞቻችን ጎንደር ሰው ይጠብቀናል ብለው ሄዱ፤ እኔ ከእሷ ጋር ቀረሁ። ውኃ በጠብታ አጠጣኋት። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መጣ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ እየመጣ ነው አልኋት። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ትንፋሿ መቼ እንደቆመ እንኳ አላስተዋልሁም፤ እጇ እጄ ውስጥ ነበር።

ስጦታው ሽማግሌውን ቄስ ከኋላው አፈናጥጦ፣ ላቡ በአቧራ ተለውሶ ደረሰ። የተሸፈነውን ፊቷን ሲያይ ብስክሌቱን ለቀቀው። ቄሱ አጠገቧ ተንበረከኩ።

«ምነው ቀድማችሁ ብትልኩብኝ! ለደከመ ሰው እኮ ይፈቀዳል» አሉ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው ፍትሐት ጀመሩ።

ስጦታው ያንን ጭኮ በእጁ ሙሉ አፈሰና በቄሱ ፊት፣ በእናቱ አስከሬን ራስጌ ይበላ ጀመር። ያንቀዋል፣ ይውጣል፣ ደግሞ ያፍሳል። ማንም ተው አላለውም።

ጎንደር አልገባሁም። በማግሥቱ በጭነት መኪና ተመለስሁ።

የልጅ ልጄ የፊታችን እሑድ ትነሣለች፤ መርቄ እሸኛታለሁ፣ ሌላ ምን እላታለሁ? ስጦታው ዛሬም ባሕር ዳር ነው፤ ሸምግሏል። ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ሁዳዴን ግን አይጾምም። ሰው ሲያማው እየሰማሁ አልፋለሁ። እኔ ደግሞ ሐኪም እየከለከለኝ አንዲት ቀን አልገድፍም። የሁለታችንም ስለ እናቱ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ጤናችን ተጠያይቀን እንለያያለን፤ አንድም ቀን ስሟን አንሥተን አናውቅም።