የሐምዳን ኦራል

ስሜ አሰፋሽ ነው። አሶሳ ውስጥ፣ ከሐምዳን ጌም ቤት ደጃፍ ማንጎው ሥር ሻይና ፓስቲ እሸጣለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ፓዌ ከሰፋሪ ቤተሰብ ነው፤ አሶሳ የመጣሁት ባል ተከትዬ ነበር። ባልየው ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። የሚያደክመኝ ሥራው አይደለም። የሚያደክመኝ ቀኑን ሙሉ ከጀርባዬ ሲተኮስ መዋሉ ነው። ታንኩ ሲፈነዳ፣ አውሮፕላኑ ሲወድቅ፣ እኔ ዱቄት አቦካለሁ።

ሐምዳን የዚሁ የአሶሳ ልጅ፣ ብሔረሰቡ በርታ ነው። ጉልበቱን የጨረሰው በሠራዊት ውስጥ ኦራል ሲነዳ ነው። ያ ከባድ የወታደር መኪና ወገቡን ሲጎዳው በሃምሳ አለቅነት አሰናበቱት፤ እሱም ኮምፒውተሮች ገዝቶ ጌም ቤት ከፈተ። ያን ያህል ዘመን ካምፕ ኖሮ እንኳ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔን “አንተ” ይለኛል።

“ቆይ ጺም ላብቅልልህ፣ ያኔ አንተ በለኝ” እለዋለሁ። ይስቃል፣ ግን ሳቁ ከጥርሱ አያልፍም።

ደንበኞቹ ሕፃናት እንዳይመስሏችሁ። አንዱ በኃይሉ ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የግብርና ባለሙያ። ሁለተኛው የባምባሲው ልጅ ኦሊያድ፣ ዩኒቨርሲቲ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነው። ሦስተኛው የፊዚክስ መምህሩ ባፈና። ደሞዝ አልበቃ፣ ዝውውር አልመጣ ሲላቸው ከሥራ ወጥተው በቀጥታ ጦርነት ይገባሉ። ማታ ሚስቶቻቸው ሲጠይቋቸው ስብሰባ ላይ ነበርን ይላሉ፤ ሰምቻለሁ።

ጨዋታው አራት ሰው ስለሚፈልግ አራተኛው ሐምዳን ነው። እነሱ ታንክ ሲሻሙ እሱ የሚመርጠው አንዲት መሣሪያ የሌላት ከባድ መኪና ነው። ኦራል ይላታል። በጨዋታው ውስጥ የቆሰሉ ወታደሮች መንገድ ዳር እጃቸውን ያነሳሉ፤ እሱ ይቆምላቸዋል፤ ኋላው ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ጦር ሰፈራቸው ድረስ ያደርሳቸዋል። አንድም ቀን አልተኮሰም። ነጥብ የሚሰጠው ደግሞ ለተኳሽ ነው። የቤቱ ሕግ መጨረሻ የወጣ ሻይ ይጋብዛል የሚል ስለሆነ ሁልጊዜ ጋባዡ ሐምዳን ነው። ጠጪዎቹ እነሱ፣ ከፋዩ እሱ፣ ተጠቃሚዋ እኔ።

አንድ ቀን ዝናብ ይዞን ብቻችንን ስንቀመጥ፣ “አንዴ እንኳ ተኩሰህ በነሱ ወጪ ሻይ ብትጠጣ ምን አለ?” አልኩት።

“ግንባር ነው” አለኝ። “ቁስለኛ ጫንኩ። ኦራል ሙሉ ሰው ነው። አለቃ መጣና አውርድ አለ። ሮኬት ይጫናል አለ። በእጄ አወረድኩ፣ አንድ አንድ እያልኩ። ተመልሼ እወስድሃለሁ አልኳቸው። ስመለስ ሰው የለም። አንተ ታውቃለህ፣ ሰው አውርጄ ብረት ጫንኩ።”

የዚያን ቀን “አንተ” ሲለኝ አልቀለድኩም። ባለቤቱ ዐዋጢፍ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ያቺን መኪና ከነሰዎቹ ሰፈር ያስገባ ቀን ይተኛል። መብራት ጠፍቶ ጨዋታው የቀረ ቀን ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያነጋል። ሐኪም ያልሰጠውን እንቅልፍ ይሄ ጌም ሰጠው አለችኝ። ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ አልወድም።

ክረምቱ መግቢያ ላይ የጨዋታው ሠሪዎች ለተጫዋቾች ሁሉ ጥያቄ አቀረቡ፤ ምን አዲስ መሣሪያ ይጨመር? ብዙ ሰው የመረጠውን እንሠራለን አሉ። ወይ ጉድ! የሰው ልጅ እንዲህ ብረት እንደሚመኝ አላውቅም ነበር።

“ሄሊኮፕተር ነው የሚያስፈልገን!” ይላል በኃይሉ።

“ሄሊኮፕተርህን በአንድ ሚሳይል አወርድልሃለሁ” ይላል ኦሊያድ። “ረጅም ርቀት ሚሳይል እንጠይቅ።”

“ድሮን እያለ ስለ ሚሳይል ታወራላችሁ?” ይላል ባፈና፤ ተማሪ እንደሚቆጣ ጣቱን እየቀሰረ።

ሐምዳን ለመግሪብ ሶላት መስጊድ ሄዶ ነበር። ባፈና ባዶ ወንበሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እኔ ምለው፣ ይሄ ሰውዬ ሁልጊዜ እየጋበዘን ያሳፍራል እኮ። ለምን የሱን መኪና አናስታጥቅለትም? ኦራሉን ቢኤም ያድርጉለት!”

ቢኤም ምን እንደሆነ እኔ በምን አውቄ። ደግ ነገር መሰለኝ፤ ካልፈለገ አይተኩስም ብዬ ዝም አልኩ። ሄሊኮፕተሩም፣ ሚሳይሉም፣ ድሮኑም ቀሩና ሦስቱም በአንድ ቃል ተስማሙ። ለራሳቸው የሚመኙትን ትተው ለሰው ሲመኙ ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ወደድኳቸው። ኦሊያድ ዩኒቨርሲቲውን በሙሉ አስመረጠ፤ በኃይሉ ፓዌ ድረስ እየደወለ የሚያውቀውን ተጫዋች ሁሉ ለመነ። ለሐምዳን ትንፍሽ አላሉም።

መስከረም ላይ መጣ። ምኞታቸው ከዓለም ሁሉ ምኞት ጋር ገጥሞ ኖሮ፣ አሸነፈ። የዚያን ቀን ፓስቲ በትልቁ ሳህን አዘዙኝ። “ዛሬ ሃምሳ አለቃ አይጋብዝም!” እያሉ ሐምዳንን እየገፉ አስቀመጡት። እኔም ሳህኑን ይዤ ገብቼ ከኋላው ቆምኩ።

መኪናዋ ብቅ አለች። ፊቷ ያው ነው። ኋላዋ ላይ ግን፣ ሰዎቹ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ፣ የብረት ቱቦ ተደራርቦበታል። ሐምዳን ምስሉን ወደ ጎን አዞረው፤ መልሶ አዞረው።

“ሰዎቹስ?” አለ።

“የምን ሰው?” አለ ኦሊያድ።

“የት ነው የሚቀመጠው?”

“ሰው አይጭንም አሁን፤ ቢኤም እኮ ሮኬት ነው። አንተም ትተኩሳለህ፣ ነጥብ ታገኛለህ!”

“የድሮው?”

“የድሮው የለም። ይሄ በሱ ፈንታ ነው የገባው” አለ በኃይሉ ትከሻውን መታ እያደረገ። “ላንተ ብለን ነው፣ ሃምሳ አለቃ።”

ሐምዳን ነዳ። መንገዱ ዳር አንድ ቁስለኛ እጁን አነሳ። ቆመለት። ሰውየው እጁን እንዳነሳ ቀረ፤ መሳፈሪያ የለውም። ሐምዳን ማውሱን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ተነሳና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ “ሹክረን፣ አላህ ይስጥልኝ” አላቸው። እነሱ ደስታው ነው ብለው አጨበጨቡ። ምን ልበላቸው? ክፋት ቢሆን በተሳደብኩ።

ወጥቶ የቀርከሃ አግዳሚዬ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ቀዳሁለት፤ አልነካውም። ሐምዳን ምነው አልኩት፣ ነገሩ ገብቶኝ ሳለ።

“አሰፋሽ” አለኝ። “ዛሬም አውርድ አሉኝ።”