እሸቱን የከለከልንበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ክፍል ስብሰባ ነበረን። መነጋገሪያው በምርምር የሰበሰብነውን መረጃ ማን ይይዛል፣ ማንስ ያያል የሚል ነበር። ከውጭ ተምሮ በቅርቡ የተመለሰ አንድ ወጣት ባልደረባችን ተነሥቶ፣ «ዳታ የዘመኑ ነዳጅ ነው። ጉድጓዱን ካላጠርነው ሌላው መጥቶ ይቀዳዋል» አለ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ንግግሩ ያምራል፤ እኔም በሱ ዕድሜ ብሆን እነቀንቅ ነበር። ወዲያው ቅጽ ታደለን፤ ጥናታችን እስኪታተም ድረስ የሰበሰብነውን ለማንም አናሳይም ብለን የምንፈርምበት። ሳልፈርም መለስኩት። ለምን እንዳልፈረምኩ የጠየቀኝም አልነበረም፤ ጡረታዬ ስለደረሰ የደከመኝ መስሏቸው ይሆናል።

ሰኔ ነው፤ ጎንደር ላይ ዝናቡ ከበድ ብሏል። ወደ ቤቴ ስመለስ በመናኸሪያው በኩል አለፍኩ። ከደጋ የመጡ ጎረምሶች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጭብጦ የቋጠሩበትን ከረጢት አንጠልጥለው፣ ወደ ቆላ የሚወርድ መኪና ይጠብቃሉ። የሰሊጥ አረም ሊያርሙ ነው። አንዱ ጺም እንኳ በቅጡ አላበቀለም። ቆሜ ሳየው አፍሮ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን የማየው እሱን አልነበረም።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሥራ የጀመርኩት በአርማጭሆ ቆላ፣ ስሟን በማልጠራት ትንሽ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ከማክሰኝት ወጣ ብሎ ካለ መንደር የወጣሁ የገበሬ ልጅ ነኝ። ከጎንደር በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ትክል ድንጋይን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ ብርዱ ከትከሻዬ ላይ ወልቆ ቀረ። ከታች የሚጠብቀን ሌላ አገር ነው፤ መሬቱ የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር፣ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ የሚጋረፍ። የመጀመሪያውን ሳምንት ከውሃና ከሎሚ በቀር ምንም አልወርድልኝ አለ።

የቀጠሩኝ ዶክተር ይርጋ የሚባሉ ተመራማሪ ናቸው። የሚያጠኑት ካላዛር የሚባለውን በሽታ ነበር። ከደጋ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርዱትን ሰዎች ይይዛል፤ ከትንኝ የምታንስ ዝንብ ናት የምታስተላልፈው። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውየው መንምኖ ሆዱ ብቻ ይቀራል። ዝንቧ ሰዎቹን የት እንደምታገኛቸው ግን በዚያ አካባቢ ያጠና አልነበረም። የእኔ ሥራ በሽተኞቹን እየጠየቁ መመዝገብ ነው፤ ከየት መጣህ፣ ማን እርሻ ላይ ሠራህ፣ የት ታድር ነበር።

ከበሽተኞቹ ሁሉ በጣም የተቀራረብኩት ከአያ ጫኔ ጋር ነው። የዳባት ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። በየቀኑ የሚወጉት መርፌ መቀመጫቸውን አቁስሎት በጎናቸው ተጋድመው ነበር የሚያጫውቱኝ። ስለ ገብሳቸው፣ ስለ በሬያቸው ስንፍና፣ ስለ አንድያ ልጃቸው አስማረ። ማውራት የሚወዱ፣ ግን ያላዩትን የማይናገሩ ሰው ነበሩ።

አንድ ቀን «የት ያድሩ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ከሁለት ቦታ አድሬያለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ከወንዙ ዳር፣ አሸዋው ላይ። ኋላ ደግሞ ከፍ ብሎ ካሉት ግራሮች ሥር። ታዲያ የበላችኝ የቷ ናት ልጄ? የወንዟ ዝንብ ናት የግራሯ?»

«አላውቅም አያ ጫኔ።»

«እኔን ካልሽኝ የወንዙ ነው የሚመስለኝ። ዝንብ ውሃ ትወዳለች። ግን እኔ የማውቀው የራሴን ብቻ ነው፤ አንቺ የሁላችንን ጽፈሻል።» ክንዳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «እኔ ዘንድሮ አልወርድም፤ ጉልበቴ አልቋል። በኔ ፈንታ የሚወርደው አስማረ ነው። ከሁላችን ቃል የሚወጣውን ላኪልኝ። በየቅዳሜው ከጎንደር ዳባት የሚመላለስ ነጋዴ አይጠፋም። አደራ፤ ልጁ ሳይወርድ።»

«እልካለሁ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

በመጋቢት መጨረሻ ድነው አገራቸው ገቡ። ሚያዝያ ላይ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ሳገላብጥ መልሱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ገጽ በገጽ ያው ነው። ከወንዙ ዳር ብቻ ያደሩት ከበሽተኞቹ መካከል የሉም ማለት ይቻላል። የታመሙት ከግራሮቹ ሥር ያደሩት ናቸው። ወዲያው ወደ ዶክተር ይርጋ ወሰድኩት።

እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው መዝገቡን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ገጾቹን ደጋግመው ገለበጡ። «ይሄ ሰብል ነው» አሉ በመጨረሻ። «የአንቺና የእኔ ሰብል። ግን ገና ነው። ሌላ ወቅት ማየት፣ ካልታመሙት ጋር ማነጻጸር አለብን። ሳይደርስ የታጨደ እህል ለምግብም ለዘርም አይሆንም።»

ዶክተር ይርጋ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ለበሽተኞች ወተት ይዘው የሚመጡ፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የሚያጫውቱ ሐኪም ናቸው። ስህተት የሆነ ነገር ለሕዝብ መናገርን አጥብቀው ይፈሩ ነበር። ደግሞም አንድ ጊዜ ተጎድተዋል፤ ከዓመታት በፊት ለአንድ እንግዳ ያዋሱትን መዝገብ ሰውየው በራሱ ስም አሳትሞባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማንም አላሳዩም።

እኔ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሰብል የሚለው ቃል ልቤ ውስጥ ገባ። የምሠራውን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በማውቀው ቋንቋ የነገረኝ ሰው አገኘሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለታችንም እንዲያ ነበር የምናወራው። ስህተት ስናርም አረም ነቀልን እንላለን። መዝገቡ የሚቆለፍበትን የብረት ቁም ሣጥን ጎተራ አልነው። ቀልድ ነበር፤ ግን ቃል ተከታዮቹን ይዞ ነው የሚመጣው። ጎተራ ካለ ባለቤት አለ፣ ቁልፍ አለ። ከባለቤቱ ቀድሞ ማሳ የሚገባ ደግሞ ወይ ሌባ ነው ወይ ዝንጀሮ። አደራ የተባልኩትን እንኳ ሳላስበው በሰብል ቋንቋ አስብ ጀመር። ሲደርስ እልካለሁ፤ ገና ነው፤ ሲደርስ።

በግንቦት አጋማሽ የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር አበራሽ መጣች። የበሽተኛውን ካርድ የምትይዘው እሷ ናት፤ ማን የት እንዳደረ የተጻፈው ግን በእኔ መዝገብ ብቻ ነው።

«መዝገባችሁ ላይ ያደሩበት ቦታ አለ አይደል?» አለችኝ።

«አለ።»

«እስቲ አሳዪኝ። ሠራተኛው መውረድ ሲጀምር መኪና ከሚያወርዳቸው ቦታ ቆሜ እነግራቸዋለሁ።»

«ገና አልደረሰም ሲስተር።»

«ምኑ ነው የሚደርሰው?»

«ጥናቱ። ሳይደርስ አይታጨድም።»

ትንሽ አየችኝ። «ምነው፣ አንቺ የገበሬ ልጅ አይደለሽ እንዴ?» አለች። «ባባትሽ ማሳ እሸት አይበላም ነበር?»

ይበላ ነበር እንጂ። መስከረም ላይ የባቄላው እሸት ሲያምር መንገደኛ ጎራ ብሎ ይቀጥፋል፤ አባቴ አይቆጣም፣ እንዲያውም ከሩቅ «ግቡ፣ ቅመሱ» ብሎ ይጣራል። ሽንብራው ገና አረንጓዴ ሳለ ለጎረቤት በነዶ ይላካል። እሸት ከልክሎ ሰብሉን ብቻውን የሚጠብቅ ገበሬ በአገራችን ስም የለውም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የጎተራው ቁልፍም ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ዶክተርን ጠይቂያቸው» አልኳት።

ጠየቀቻቸው። እሳቸውም በትሕትና፣ ሪፖርቱ ሲጠናቀቅ አንድ ቅጂ እንደሚሰጧት ቃል ገቡላት።

ክረምቱን መዝገቡን ይዘን ጎንደር ከረምን። እንደዚያ ደስ ያለኝ ክረምት ትዝ አይለኝም። መስኮቱን ዝናብ ይደበድበዋል፣ ከሰል ይነዳል፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እየበላን ሰንጠረዥ እንሠራለን። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ የዳባት ነጋዴዎችን አያለሁ። አንድ ቁራጭ ወረቀት፣ አንድ መስመር፤ «ከግራሮቹ ሥር አትደሩ»። በቃ፣ ይኸው ነበር። ቅመሜን ገዝቼ እመለሳለሁ።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ የሁለተኛውን ዓመት መዝገብ ልንጀምር ወረድን። በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት በቃሬዛ አመጡ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ሆዱ ተነፍቶ እጆቹ እንደ ሽመል ቀጥነዋል። ከኋላው የሚከተሉትን ሽማግሌ ወዲያው አላወቅኳቸውም። እሳቸው ግን አወቁኝ።

«ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል?» አሉኝ አያ ጫኔ። «ያው አስማረ ማለት እሱ ነው።»

መዝገቡን ከፍቼ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ሌላ ማድረግ የምችለውን አላውቅም ነበር። ስሙን ጻፍኩ፤ የሠራበትን እርሻ ጻፍኩ። እርሻው ያው አባቱ የሠሩበት ነው።

«የት ታድር ነበር?»

«ከግራሮቹ ሥር» አለ አስማረ፤ ድምፁ በጣም ደካማ ነበር። «ሌሎቹ ከወንዙ ዳር፣ አሸዋው ላይ ነበር የሚያድሩ። ና ይሉኝ ነበር። አባቴ ግን ከወንዙ እንዳላድር አስምሎኛል።»

«ከግራሮቹ ሥር» ብዬ ጻፍኩ። አያ ጫኔ ከአልጋው ግርጌ ቆመው በትሕትና ይመለከቱኛል።

«ያ ነገር ሳይወጣ ቀረ መሰል?» አሉኝ። «ስጠብቅ፣ ስጠብቅ ሰኔ ገባ። በራሴ ግምት መክሬ ሰደድሁት።»

«ገና አልደረሰም» አልኳቸው።

እነዚህ ሁለት ቃላት ከአፌ ሲወጡ ሰማኋቸው። እሳቸውም ገበሬ ናቸውና ገባቸው፤ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «እንግዲህ ይድረስ፤ ሸጋ ነው» አሉ።

አስማረ መርፌውን ጀመረ። ነገር ግን በሽታው ብዙ ቆይቶበት ነበር፤ በላዩ ላይ ሳንባው ታመመ። ሲስተር አበራሽ ከአጠገቡ አልጠፋችም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ አባቱ ትኩስ አጥሚት ይዘው ሲገቡ አርፎ አገኙት። ሃያ ዓመት አልሞላውም።

አስከሬኑን ወደ ደጋ የሚወስድ መኪና እስኪገኝ አያ ጫኔ ከጤና ጣቢያው ግድግዳ ሥር ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አምና በሚያዝያ እንዳየሁት፣ ዶክተር ያሉትን፣ ሲስተር የጠየቀችኝን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጋዴዎቹን እያየሁ ማለፌን። ይረግሙኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመቱኝም እችል ነበር።

አፈሩን በጣታቸው ጫሩ።

«ከወንዙ ራቅ ብለህ እደር ብዬ ያስማልሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ጓደኞቹ ሲጠሩት እንኳ አልሄደም። ልጄ ቃሌን ጠብቆ ነው የሞተ።»

መኪናው ሲመጣ ተነሥተው ጋቢያቸውን አራግፈው ሄዱ።

በማግሥቱ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ መዝገቡን ለሲስተር አበራሽ ሰጠኋት። ሁለት ቀን ተቀምጣ በእጇ ገለበጠችው። በሰኔ መኪና ከሚያወርዳቸው ቦታ ቆማ ለሚወርደው ሁሉ እንደነገረች ሰምቻለሁ፤ አንዳንዱ ሰማት፣ አንዳንዱ ሳቀባት። ዶክተር ይርጋ ያደረግኩትን ስነግራቸው አልጮኹብኝም። ስለ አስማረም ነገርኳቸው። ፊታቸው ገርጥቶ፣ «ያኔ እርግጠኞች አልነበርንም» አሉ። ያሉት እውነት ነው። ዳግመኛ ግን አብረን አልሠራንም። ጥናቱ ከዓመታት በኋላ ታተመ፤ ጥሩ ጥናት ነው። አስማረ ከሰንጠረዡ ውስጥ አለ፤ ስም የለውም እንጂ የቱ መስመር እንደሆነ አውቃለሁ።

ብዙ ጊዜ የማስበው ስለ ቃሉ ነው። ሰብል ማለት በራሱ መጥፎ ቃል አልነበረም፤ እሸትም እዚያው ማሳ ውስጥ ነበር። እኛ ግን ከቃሉ የመረጥነው ለእኛ የሚመቸንን፣ ባለቤት የሚያደርገንን ወገን ነው። ለመረጃ ሌላ የተሻለ ስም ቢወጣለት እንኳ ሰው እንዲሁ ያደርገዋል ብዬ እፈራለሁ። ስም ለሰጪው ይመቻል፤ መዝገቡ ውስጥ ያለውን ሰው ግን ማንም ምን ልበልህ ብሎ አይጠይቀውም።

አያ ጫኔ ዛሬ በሕይወት ካሉ ወደ ሰማንያ ይጠጋሉ። የዳባት መንገድ አስፋልት ሆኗል፤ ማልዶ የወጣ ሰው ከቀትር በኋላ ጎንደር ተመልሶ ይገባል። ልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ነበር። አንዱን ጊዜ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ደረስኩና ወረድኩ። ከመንገዱ ዳር ቆሜ የሚመለስ መኪና እስካገኝ ብርዱ አንዘፈዘፈኝ፤ ምን ብዬ ደጃቸው እንደምቆም ሳስብ ግን የሚመጣልኝ ቃል አልነበረም። ዛሬም የለኝም።