አባቴ የረገጡት ድንበር

ከብቸና ወደ ሞጣ የሚሄደው አውቶቡስ አንዲት ቦታ ላይ ሲደርስ እስከ ዛሬ ወሬዬን አቋርጣለሁ። ቦታዋ ምንም የላትም፤ ውኃ የቦረቦረው መሬት፣ ጥቂት ባሕር ዛፍ፣ ከመንገዱ ራቅ ያለ አንድ ቤት። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው "ምነው፣ አመመሽ?" ሲለኝ "መኪናው አዙሮኝ ነው" እላለሁ። ውሸቴን ነው። ያ ቤት የታናሽ እህቴ ቤት ነበር። በመስኮቱ የሚታየኝ ግን ቤቱ አይደለም፤ አባቴ ናቸው፣ ጓል አፈር በትከሻቸው ተሸክመው ሲሄዱ። ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፣ አሁንም ይሄዳሉ።

መሬት ለአራሹ ታውጆ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም እኔ ሞጣ፣ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። አስተዳደር ማለት ለኔ ወረቀት ነበር፤ ክፍለ ሀገር፣ ከሥሩ አውራጃ፣ ከሥሩ ወረዳ፣ አሁን ደግሞ ከሁሉም ሥር ማኅበሩ። ማን በማን ሥር እንደሆነ በካርቦን እየመታሁ በቃሌ ይዤው ነበር። የተወለድኩባት ቀበሌ የሞጣ አውራጃ ዳር ናት፤ ከኛ ወዲያ ብቸና ነው። ድሮ ለዚያ ድንበር ግድ የሚሰጠው ሰው አልነበረም። ሰው እዚህ ተወልዶ እዚያ ያገባል፣ ግንደወይን ገበያ ላይ ይገናኛል፣ ሲሞት የቀረበው ደብር ይቀበራል። ማኅበር ሲመጣ ግን ነገር ተለወጠ። መሬት የሚሰጠው እሱ፣ የሚፈርደው እሱ፣ ዘማች የሚመርጠውም እሱ ሆነ። ቤትህ በየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይታወቅ ማደር አይቻልም።

ድንበሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ሲፈለግ ሁለቱም ወገን አባቴን ጠሩ። በኛ አገር ወሰን የሚያሳይ ሰው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይምላል፣ ጓል አፈር ይሸከማል፣ ከዚያም ከሁሉ ፊት ፊት ይሄዳል። አፈሩን እስኪያወርድ ድረስ ማንም አያናግረውም፣ ማንም አይቀድመውም። እሱ በረገጠበት ድንጋይ ይተከላል፤ በቃ፣ ይግባኝ የለም። ለሥራው የተላከው ካድሬ፣ ከከተማ የመጣ ቀጭን ልጅ፣ መሐላ ሲባል ፊቱን አጨማደደ። ሌላ መንገድ ስላልነበረው ግን እጁን አጣምሮ ቆመ። አባቴም "ያላየሁትን አይቻለሁ ብል፣ ያየሁትን ብደብቅ፣ ዘር አይውጣልኝ" ብለው ማሉ።

ጭንቁ የእህቴ ቤት ነበር። የቆመው በሁለት ቦረቦሮች፣ ጎርፍ በቆረጣቸው ገደሎች፣ መካከል ነው። ድንበሩ በማዶው ቦረቦር ከሄደ ቤቱ ከኛ ጋር ይቀራል፤ በወዲሁ፣ በእኛ በኩል ባለው፣ ከሄደ ለብቸና ይሆናል። ባሏ ዓይነ ስውር እናቱን ብቻውን የሚጦር፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። የኛ ማኅበር ሰዎች ችግሩን ያውቃሉ፤ የማዶዎቹ አያውቁትም፣ ቢያውቁትም ግድ የላቸውም። እኔ ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ መጥቼ ነበር። እናቴ ያን ጠዋት አባቴን ከደጅ ይዛ "አደራዎን፣ ልጂቱን ያስቡ" አለቻቸው። አባቴ "እንኳን ለልጄ ለነፍሴም አላዳላ!" ብለው ተቆጡ። እውነቴን ነው የምለው፣ እኔም ኮርቼባቸው ነበር።

ተከተልናቸው። ሳር ከሚረግጥ ኮቴ በቀር የሚሰማ ድምፅ የለም። ሁለቱ ቦረቦሮች የሚለያዩበት ዘንድ ሲደርሱ አባቴ ቆሙ። ሽማግሌ ደክሞት ነው ብለን እኛም ቆምን። አፈሩ ከትከሻቸው እየተፈረፈረ በጋቢያቸው ላይ ይወርድ ነበር። ከዚያ አንገታቸውን ሳያዞሩ ወዲሁን ቦረቦር ይዘው ወረዱ። እህቴ እንስራ ይዛ ደጇ ላይ ቆማለች፤ ከአባቷ ፊት ምንም አላገኘችም። ባሏ ከመካከላችን ነበር። ከሰልፉ ወጣና ወደ ቤቱ ተሻገረ፤ በአንድ እርምጃ የሌላ አውራጃ ሰው ሆነ።

ሕዝቡ በአባቴ ተደነቀ። "በገዛ ልጁ ላይ የፈረደ!" እየተባለ ስማቸው ከሞጣ እስከ ብቸና ተወራ። ካድሬው ሳይቀር እጃቸውን ጨበጠ።

ብዙም ሳይቆይ ሚሊሺያ ተጠራ። ማኅበር ሁሉ ሰው አዋጣ ተባለ። የማዶው ማኅበር የራሱን ልጆች ደብቆ የእህቴን ባል ሰጠ። መጤ ነው አሉ። በተወለደበት ቤት፣ አያቱ በተከሉት ግራር ሥር ተቀምጦ፣ መጤ! ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የኛዎቹ ሊከራከሩለት ሄደው "የእናንተ ሰው አይደለም፤ ድንበሩን ያሳየው የእናንተ ሽማግሌ ነው" ተብለው ተመለሱ። ሰውየውም ሄደ፤ ቀረ።

መርዶ አልመጣም። መርዶ ያልመጣለት ሰው አይለቀስለት፣ ተዝካር አይወጣለት። እህቴ ከአባቴ ጋር አልተጣላችም። ቢጣሉ ይሻል ነበር። ሲመጡ ብድግ ትላለች፣ እግራቸውን ታጥባለች፣ የተጠየቀችውን ትመልሳለች፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አትጨምርም። የከፋው ግን አማቷ ነበሩ። ኮቴ በሰሙ ቁጥር ቀና ብለው "አንተ ነህ?" ይላሉ። አንድ ቀን አባቴ ሊጠይቋቸው ሄደው ከደጅ ሳሉ ሴትዮዋ "አንተ ነህ?" አሏቸው። አባቴ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ፤ ከዚያ ኮቴያቸውን አጥፍተው ተመለሱ። ይህን የነገረችኝ እህቴ ናት፤ ከጓዳ ሆና ታያቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ አባቴ ግንደወይን ገበያ ሲሄዱ በቦረቦሩ በኩል አያልፉም፤ ዳገቱን ዙረው ይሄዳሉ። "ምነው ያን ያህል ዙረው?" ስላቸው "እግሬን ላፍታታ ብዬ" ይሉኛል። ውሸታሙ አንድ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ዓመታት አለፉ። ሪፐብሊክ ተባለ፤ ጎጃምም ራሱ ተከፈለ፣ አውራጃዎቹም እንደገና ተሸነሸኑ። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ አዲሱን አከላለል ስመታ የኛ ቀበሌና የማዶው ቀበሌ በአንድ አውራጃ ሥር ተጽፈው አገኘሁ። ድንበሩ የለም። አንድ ሰው አንድ ቦታ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግቶ በላጲስ አጥፍቶታል። አልማለ፣ አልተሸከመ፣ አልሄደበት። ከጽሕፈት መኪናው ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና አለቀስኩ።

በሳምንቱ አገር ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። አባቴ አርጅተው አጎዛ ላይ ጋደም ብለው ነበር፤ እህቴ የገብስ አጥሚት ይዛላቸው መጥታለች። ወሬውን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እህቴ ኩባያውን አስቀመጠች።

"አባየ፣" አለች፣ "አሁንስ ቀርቷል። እውነት ድንበሩ በወዲሁ ነበር?"

ዓይናቸውን ገለጡ። "አላውቅም፣ ልጄ" አሉ። "አባቴ ሲያሳዩኝ ገና ሕፃን ነበርሁ። እስከ መለያያው ድረስ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጠፋኝ።"

"ታዲያ ጠፋኝ አይሉም ነበር?"

"ያን ሁሉ ሰው አስከትዬ? በማዶው ብወርድ ደግሞ ለልጁ አዳላ ይሉኛል ብዬ ነው። ይሉኝታ ያዘኝ።"

እህቴ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ነጠላዋን አጣፋች፣ ብድግ አለች፣ በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች።

"አንድ ቀን ቢያዳሉልኝ ምን ነበረበት፣ አባየ?"

ይህን ብላ ወጣች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአዲሱ አውራጃ ሰዎች ቀበሌዎቹን ሊያዋቅሩ መጡና አባቴን ድንበር ያሳዩን አሏቸው። አባቴ ከአጎዛቸው ሳይነሱ "አላውቅም" አሉ። ጎረቤታችንም ስለ አጥራችን ወሰን ሊጠይቃቸው መጣ፤ በገዛ እጃቸው ያጠሩትን አጥር እያዩ "አላውቅም" አሉት፤ እስኪሞቱ ድረስም ለማንም ሌላ መልስ አልሰጡም።