ባሌን ከባሕር ልመልስ የሄድኩ ጊዜ

ሰሞኑን የመጨረሻው ልጄ እንደ አባቱ መርከብ ላይ ካልሠራሁ ብሎ ተነሣ። እኛ የመካነ ሰላም ሰዎች ትልቅ ውኃ ሲባል የምናስበው ዓባይን ነው፤ እሱም ከላይ ሆነው ሲያዩት ያስፈራል። ባሕር ደግሞ ማዶ እንኳ የለው። ልጁ መልሴን እየጠበቀ ነው። እኔ ግን የድሮው የአሰብ ጉዞዬ በሐሳቤ እየመጣ እንቅልፍ ነሣኝ።

ያኔ ሃያም አልሞላኝም ነበር። ባሌ ይመር በተጋባን ማግስት ሥራ ፍለጋ አሰብ ወርዶ መርከብ ላይ ተቀጠረና ከዓመት አንዴ ብቅ የሚል እንግዳ ሆነ። በመጨረሻ አባቴ ተቆጡ። ሂጂና ይዘሽው ነይ፣ ጥማድ በሬና መሬት እሰጠዋለሁ፣ እምቢ ካለ ግን ባል አለኝ እንዳትይ አሉኝ። እናቴ ደግሞ ጸበል በጀሪካን ሞልታ፣ መርከቡን እንደ ቤት ከጥግ እስከ ጥግ እንድረጨው አዘዘችኝ።

ሰኔ ሊገባ ነበርና እኛ ጋ ጭጋጉ ወርዷል። ደሴን አልፈን፣ በጭነት መኪና ሚሌን ስንሻገር ግን ነፋሱ ራሱ ፊት ይጠብሳል። በሶ እየበጠበጥኩ፣ ከጸበሉ ላለመጎንጨት ከራሴ ጋር እየታገልኩ አሰብ ገባሁ።

ይመር የወደቡን ጠባቂዎች ለምኖ መርከቡ ላይ አወጣኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ መርጨት ጀመርኩ።

"እህታችን፣ እዚህ እኮ ውኃ አልቸገረንም" አለኝ አንዱ መርከበኛ።

ሳቁብኝ፤ እኔ ግን እየረጨሁ መሰላሉን ወርጄ የሞተሩ ክፍል ደረስኩ። ቤት የሚያህል ብረት ያጓራል። እጄን ሳነሣ ሁሉም ጮኹ፤ ለካ የመብራቱን ሳጥን ውኃ ከነካው ጉድ ይፈላል። ይመር እጄን ቀለብ አደረገና ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለልኝ።

"እኔ ላይ ርጪው። ሞተሩን እኔ እጠብቀዋለሁ። አብሽሪ።"

ረጨሁት። ከዚያ ጥግ ይዤ ሥራውን አየሁ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ፣ ሲቀጠር ወለል አጣቢ የነበረ ሰው፣ ጆሮውን አዘንብሎ የቱ ብረት እንደታመመ ይናገራል። ፈረንጁ አለቃ ሲጠራው በአለቃው ቋንቋ ይመልሳል። ማን አስተማረህ ብዬ ብጠይቀው፣ ያልገባኝን ሳላፍር እያስደገምኩ ነው አለኝ። ማረስ ክቡር ሥራ ነው፤ ግን ይኼን ሁሉ ያወቀን ሰው ምን ብዬ ና ልበለው? የአባቴን መልእክት ነገርኩት።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለኝ።

"ሥራህን ሥራ" አልኩት። ባሕሩን ላለማየት ግን ፊቴን አዙሬ ከመርከቡ ወረድኩ።

ብቻዬን ስመለስ አባቴ ደጅ ቆመው ጠበቁኝ።

"የታለ?"

"ሥራ ላይ ነው አባዬ። ያለሱ መርከቡ አይነሣም።"

"ያለሱ?"

"ያለሱ።"

የበሬውን ነገር ዳግም አላነሡም፤ በገበያው ቀን ግን፣ አማቼ ካልነካው መርከብ አይነሣም እያሉ ላገኙት ሁሉ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

ይመር ዕድሜውን ባሕር ላይ አሳለፈ። ዛሬ የሞተሩ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ስንቱን ወጣት አሠልጥኗል። እኔ ሦስተኛ ክፍል የቀረሁት ሴትዮ የማን ሚስት ነሽ ስባል ቀና ብዬ ነው የምመልሰው። ፍርሃቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ተለይቶኝ አያውቅም፤ ከኩራቱ ጋር አብሮኝ አረጀ። ልጄንም ነገ ሂድ እለዋለሁ። ፍርሃቱን እዚህ ለኔ ትቶልኝ ይሂድ፤ እኔ ለምጄዋለሁ።