የሰላምታው ግማሽ

ሞላሌ ላይ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ መንገዱን ይይዛል። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሰው አይታየኝም፤ ድምፅ ብቻ ነው የሚመጣው። «እንዴት አደርሽ?» ይለኛል ጉሙ። «ደህና ነኝ፤ እንዴት አደሩ?» እለዋለሁ ጉሙን። «እግዜር ይመስገን!» ይላል፤ ጋቢ የለበሰ ትከሻ ብቅ ብሎ መልሶ ይጠፋል። ከመጥፋቱ በፊት ግን ትንሽ ዝም ብሎ ይቆያል። የእኔ መልስ አላለቀምና እስክጨርስ እየጠበቀኝ ነው።

በእኛ አገር «ደህና ነኝ» ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ያመመውም፣ የራበውም፣ በሬው የሞተበትም መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ችግሩን የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ያንን ግማሽ ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል። አላምንበትማ! የማያምኑበትን ነገር በየማለዳው ለመንገደኛ ሁሉ መናገር የሐሰት መሐላ መስሎ ይታየኛል። ግትር ነሽ ብባል እቀበላለሁ። እናቴም ስትቆጣኝ የምትለኝ ይህንኑ ነበር።

እምነቴ እንዴት እንደለቀቀኝ የምናገረው ታሪክ የለኝም። መጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ ካህን አስቀይሞኝም አይደለም። ልክ እንደዚሁ እንደ ሞላሌ ጉም ነው፤ ሲነሳ አይታይም። ቀና ሲሉ ማዶ ያለው ተራራ ጥርት ብሎ ተቀምጧል፤ መቼ እንደተገለጠ አይታወቅም። ቅዳሴ ላይ በሴቶቹ በኩል ቆሜ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ዜማውን እየወደድኩት ሳለ የሚሰማን እንደሌለ ታወቀኝ። አልደነገጥኩም። እንዲያውም እስከ መጨረሻው ቆሜ አስቀደስኩ። ዜማው አሁንም ደስ ይለኛል፤ እሑድ ሊነጋጋ ሲል ከሩቅ ሲመጣ ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ስቤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጠዋለሁ። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ አንዳንዴ ሕፃን ነኝ፤ አንዳንዴ ማንም አይደለሁም።

ሥራዬ አማርኛ ማስተማር ነው፤ የገዛ ሙያዬ ነው መውጫ ያሳጣኝ። ለልጆቹ ስለ ባለቤትና ስለ ግስ ሳስረዳ «ባለቤቱ ካልተጠራ ግሱ ውስጥ ፈልጉት» እላቸዋለሁ። እኔ ደግሞ የምሸሸው ያንን ያልተጠራ ባለቤት ነው። ይስጥልኝ። ይማርሽ። ያኑርልኝ። ያጽናሽ። ሰጪው ማን ነው? የሚምረው ማን ነው? ማንም ስሙን አያነሳም፤ አንዲት «ይ» ወይም አንዲት «ያ» ውስጥ ቤቱን ሠርቶ ተቀምጧል። ከቤተ ክርስቲያን መቅረት ይቻላል። ከ«ይ» ቀርቶ የት ይኬዳል?

ሞክሬ ነበር። አንድ ቀን አከራዬ ትኩስ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይዘውልኝ መጡ፤ «አመሰግናለሁ» አልኳቸው። ሴትዮዋ ሰፌዱን እንደያዙ አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ እንደ ባንክ ቤት ሰው ሆንሽብኝሳ! ‹እግዜር ይስጥልኝ› ማለት ከበደሽ?» አሉኝ። ሳቅን። እሳቸው እየቀለዱ ነበር፤ እኔ ግን የእውነት ከብዶኝ ነበር። ቆሎውን ብቻዬን ቆረጠምኩት።

ጾሙንም እጾማለሁ፤ በሁዳዴ ሞላሌ ላይ ሌላ የሚበላ የለማ። አንዴ ብቻ አማረኝና እንቁላል ቀቅዬ በላሁ። እንቁላሉ ሳይሆን ቅርፊቱ ነው ጉድ ያፈላው። ግቢ ውስጥ ብጥለው አከራዬ ያያሉ። በወረቀት ጠቅልዬ በቦርሳዬ ትምህርት ቤት ወሰድኩት፤ እዚያም ሰው አልጠፋ አለ፤ ማታ መልሼ ወደ ቤቴ አመጣሁት። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ያንን ጥቅልል እያየሁ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ እንባዬ መጣ። ማንም ክፉ ነገር አላደረገኝም። ሁሉም ይወዱኛል፣ ሲያመኝ አጥሚት ይዘው ይመጣሉ። ግን የሚወዷት ሴት እኔ አይደለሁም፤ እኔን አያውቁኝም። ብቸኝነት ማለት ለእኔ ይህ ነው።

እናቴ ከቀየት ከተማ ወዲያ ነበር የምትኖረው፤ ከመኪናው ተወርዶ አንድ ቁልቁለትና አንድ ዳገት ማዶ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ በድንጋይ ቤታችን ብቻዋን ናት። የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ፈትሉ ባና ለሚባለው የአገራችን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ይሆናል። እንዝርቷ ሲዞር የሚያሰማው ትንሽ ድምፅ አለ፤ ያንን ድምፅ እየሰማሁ ያደግኩ ስለሆነ ዛሬም እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ በሐሳቤ እጠራዋለሁ።

ስልክ ስደውልላት «ደህና ነሽ ልጄ?» ትላለች። «ደህና ነኝ እማዬ» እላለሁ። ልክ እኔ የማቆምበት ቦታ ላይ እሷ ትገባለች፤ «እግዜር ይመስገን።» ሰው ፊትም እንደዚያው ነው። ጎረቤት ገብቶ «እንዴት ነሽ የኔ ልጅ?» ሲለኝ፣ «ደህና ነኝ» ብዬ ሳልጨርስ፣ ዓይኗን ከእንዝርቷ ሳታነሳ «ይመስገን!» ትላለች። ሰላምታው ሙሉ ሆኖ ይወጣል፤ ጎረቤቱ የጎደለ ነገር አይሰማውም። እኔ የአፍ ልማድ ይመስለኝ ነበር።

በዓለም ላይ የምፈራው አንድ ነገር ቢኖር እሷ ያወቀች ዕለት ነው። ሞላሌ ቢያውቅ አገር ለቅቄ ልሄድ እችላለሁ። እናቴ ግን በወዲያኛው ዓለም አባቴን እንደምታገኘው፣ ሁላችንም አንድ ቀን እንደምንሰበሰብ አንዳች ጥርጥር የላትም። ልጄ ከዚያ ጉባኤ ቀረች ብላ ብታስብስ? ገና በቁሜ ልታለቅሰኝ ነው። እሷን ማጣት አልችልም ነበር።

ቢሆንም አንድ ከሰዓት ላይ ነገርኳት። ውጭ ካፊያ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ብርሃን ሁሉ በበሩ የሚገባው ብቻ ነው። እኔ ጠጉሩን አፍታታለሁ፣ እሷ ትፈትላለች። እጃችን ሥራ ስለያዘ አፋችን ቀለለው።

«እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን የማልሄደው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«አፍሽን እሰማው የለ እንዴ? ‹ደህና ነኝ› ትይና ደጃፉ ላይ ትቆሚያለሽ። አትገቢም።» እንዝርቱ አላቆመም። «ከዘመዶችሽ አንድም እንዳንቺ ያለ ግትር የለም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው መቼስ።»

«አዘንሽብኝ?»

«አዝኛለሁ እንጂ! እናት አይደለሁ?» አለችና ክሩን ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው። «አንቺ ደህናውን ሁኚልኝ፤ ምስጋናውን ለእኔ ተይው።»

ከዚያ «ጠጉር ጨምሪልኝ» አለች። ጨመርኩላት። ካፊያው እስኪያባራ እኔ ሳፍታታ እሷ ስትፈትል ቆየን። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዕረፍት ዛሬም አልረሳውም፤ ከብርድ ገብቶ ባና ውስጥ እንደመጠቅለል ነበር።

በዓመቱ፣ ግማሽ ጎኗ ደከመ፣ ምላሷም ተያዘ። ሐኪም ቤት ቆይተን፣ ከዚህ በላይ ከቤቷ ብትሆን ይሻላል ሲሉን ወደ ቀየት መለስናት። ፈቃድ ወስጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁሉን ትሰማለች፣ ሁሉን ታውቃለች፤ ቃል ብቻ ነው እንቢ ያላት። እንዝርቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቤቱ ፀጥ አለ፤ ቀኖቹ ከቀኖቹ ጋር ተቀላቀሉብኝ።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ ማዶ ያሉት ጎረቤት ነበሩ። «እንዴት አደርሽ?» አሏት ጎንበስ ብለው። እናቴ አፏን ከፈተች፣ የሆነ ትንፋሽ ወጣ፣ ከዚያ ዓይኗ ወደ እኔ መጣ።

«ደህና ናት» አልኩ።

ያ ዝምታ መጣ። ያ የማውቀው፣ በጉም ውስጥ የሚጠብቀኝ ዝምታ። ግን አሁን የጎደለው የእኔ መልስ አልነበረም፤ የእሷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ቀን ሳታጎድል የኖረችውን ሰላምታ እኔ ለሁለት ቆርሼ ጎረቤት ፊት አቀረብኩት። ፊቷ ላይ ያየሁት ኀፍረት ነበር፤ ያልተሸፈነ ገላዋን ሰው ያየባት ያህል። እኔም አፈርኩ።

የአስተማሪ ብልሃት መጣልኝ። «‹እግዜር ይመስገን› ትላለች» አልኩ። የሰው ቃል ጠቅሶ መናገር ውሸት አይደለም፤ ለዚህ ነው ትእምርተ ጥቅስ የተፈጠረው። ጎረቤትየዋ «ይመስገን» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ለመጣው ሁሉ እንደዚሁ አልኩ። «ደህና ናት፤ ‹እግዜር ይመስገን› ትላለች።» ራሴን ንጹሕ አድርጌ ጠበቅኩ፤ በብልጠቴም ትንሽ ኮራሁ።

የማርያም ጽዋ ዕለት ማኅበርተኞቿ ወደ እኛ ቤት መጡ፤ እሷ መሄድ ስላልቻለች ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ይዘውላት ነበር። ፊት ፊት የገቡት የማኅበሩ መሪ ናቸው፤ ሙሴ ነው የሚባሉት፣ እንደ አገሩ ደንብ። ሽማግሌው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጇን ያዙ።

«እንዴት ዋልሽ እህቴ?»

«ደህና ናት፤ ‹እግዜር ይመስገን› ትላለች» አልኩ።

ሙሴ ወደ እኔ ዞሩ። «ተይ እንጂ ልጄ! እናትሽ ደግሞ በአስተርጓሚ ሆነች?» ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እናቴም በሚታዘዝላት ግማሽ ፊቷ ሳቀች። ዓይኗ ግን ከእኔ አልተነሳም።

እሷ እኮ ስለ እኔ ስትመልስ «ትላለች» ብላ አታውቅም። ያን ሁሉ ዘመን «ልጄ ይመስገን ትላለች» ብትል ኖሮ ውሸት ይሆን ነበር፤ አላለችም። የራሷ አድርጋ፣ ከራሷ አፍ አውጥታ ነበር የምትሞላልኝ። እኔ ግን የእሷን ቃል በሁለት ጣት፣ እንዳይነካኝ አድርጌ ይዤ ነበር የማቀብለው። ሽማግሌው ይህን ሁሉ አላወቁም። እንዲሁ ቀለዱ እንጂ።

«እንዴት ዋልሽ እህቴ?» አሏት ደግመው፤ አሁን ለጨዋታው ያህል።

«ደህና ነኝ» አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን፣ ይመስገን» አሉ ማኅበርተኞቹ፤ ጨርቁ ተገልጦ ጽዋው ወጣ። ደህነኛው እጇ ከሙሴ እጅ ወጥቶ በብርድ ልብሱ ላይ እየተንፏቀቀ ወደ እኔ መጣ። ያን ጊዜ አላመንኩም፤ ዛሬም አላምንም። ግን አልዋሸሁም። ለእሷ ነበር የተናገርኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ፣ ሰው ባይኖርም፣ ፊቷን እያጠብኩ «እንዴት አደርሽ?» ብዬ ጠይቄያት ሁለቱንም ግማሽ ራሴ እመልስላት ነበር። በበሩ የሚገባው ብርሃን፣ ከሳህኑ የሚነሳው እንፋሎት፣ ጨፍና የምትሰማኝ እናቴ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ እንደዚያም ከፍቶኝ አያውቅም።

ገብሱ ሳይታጨድ ሞተች። «ነፍሷን ይማር» ላሉኝ ሁሉ እጃቸውን ይዤ ዝም አልኩ፤ ሐዘንተኛ ዝም ቢል ማንም አይጠብቀውም።

ከወራት በኋላ ቤቱን ልዘጋ ሄጄ፣ እንዝርቷን በቦርሳዬ ይዤ ስመለስ ዳገቱ ላይ ጉሙ ያዘኝ። ከውስጡ ከዘራ ሲያኳኳ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የሙሴ ድምፅ መጣ።

«እንዴት ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ጠበቁ። እኔም ፊቴን ወደ ቤታችን መልሼ የእናቴን ግማሽ ጠበቅኩ።